ለማያውቃቸው ሟቾች ያለቀሰው አካውንታንት

ኤሪክ ቦግል ጊታር አምሮት ነበር። በ1974 (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ብሪዝበን ከተማ ላይ በተካሄደው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፎክ ሙዚቃ ፌስቲቫል የዘፈን ድርሰት ውድድር ነበር። አንደኛ ለወጣ ሰው ኦቬሽን የሚባል ጥሩ ጊታር ይሸለማል። ሰውየው ቀን ቀን ሒሳብ ይሠራል፣ ማታ ማታ ይዘፍናል። ጊታሩን እያሰበ ወጣና ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈውን አንድ ረጅም ዘፈን ዘፈነ።

ሦስተኛ ወጣ። ጊታሩ ለሌላ ሰው ሄደ።

ታዳሚው ግን ዳኞቹን አልማራቸውም። «ይሄ እንዴት ሦስተኛ ይወጣል?» የሚል ጉርምርምታ ተነሳ። ከሰሙት መካከል ከቻናል ደሴቶች የመጣች አንዲት ዘፋኝ ነበረች። ቀድተህ ላክልኝ አለችው፣ ላከላት። እሷ ደግሞ ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ፌስቲቫል ላይ ዘፈነችው። እዚያ እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ጁን ታቦር ሰማችው። ታቦር በ1976 ባወጣችው አልበም ላይ ያለ አንድም መሣሪያ፣ በድምፅዋ ብቻ ተጫወተችው።

ቦግል ከዚህ ሁሉ ወሬ የለውም። በዚያው ዓመት ብሪታንያ ብቅ ሲል አንድ የፎክ ክለብ «እባክህ መጥተህ ዝፈንልን» አለው። እኔን ከየት ያውቁኛል ብሎ ግራ ገባው። ለካ ዘፈኑ ቀድሞት የተወለደበት አገር ገብቷል።

ዘፈኑ «ባንዱም ዎልትሲንግ ማቲልዳን ተጫወተ» ይባላል። ዎልትሲንግ ማቲልዳ አውስትራሊያውያን ሁሉ የሚያውቁት የቆየ የአገር ዘፈን ነው። የጻፈው በ1971 ነው። ያኔ ቦግል አውስትራሊያ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ኑሮው ካንቤራ። ሚያዝያ 25 ቀን የአንዛክ ሰልፍ ሲያልፍ አየ። አንዛክ ማለት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጦር የሚጠራበት ስም ነው። ይህ ጦር በ1915 ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ በሚባል ልሳነ ምድር ወረደ። ወራት ሙሉ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ተዋጋ፤ ከዚያ ምንም ሳይዝ ለቆ ወጣ። ከ8000 በላይ አውስትራሊያውያን እዚያ ቀሩ። የሚገርመው ነገር አገሪቱ ትልቁ መታሰቢያዋ ያደረገችው ያሸነፈችበትን ጦርነት አይደለም፤ የተሸነፈችበትን ነው።

ቦግል ታዲያ ሰልፉን ሲያይ ልቡ የነበረው ቬትናም ላይ ነው። አውስትራሊያ ያኔ ቬትናም ውስጥ ትዋጋ ነበር። ወጣቶቹ የሚመለመሉት በዕጣ ነው። የልደት ቀን ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ኳሶች በርሜል ውስጥ ይዞራሉ፤ ያንተ ቀን ከወጣ ወታደር ነህ። በኋላ ቦግል ራሱ እንዳስረዳው፣ ስለ ቬትናም በቀጥታ ቢጽፍ ብዙ ሰው ጆሮ አይሰጠውም፤ ቬትናም የት እንዳለች እንኳን በቅጡ የማያውቀው ብዙ ነበር። ጋሊፖሊ ግን በእያንዳንዱ ቤት ጓዳ ውስጥ አለ። ስለዚህ የዛሬውን ጦርነት በትናንቱ ጦርነት በኩል አዙሮ ጻፈው። ሰምና ወርቅ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ወጣት አለ፤ ጓዙን ጀርባው ላይ ጠቅልሎ ከመሬይ ወንዝ ዳር እስከ በረሃው ድረስ እንዳሻው የሚዞር። በ1915 አገሩ «በቃ ዙረት ይብቃህ፣ ሥራ አለ» ትለዋለች። ብረት ቆብና ጠመንጃ ትሰጠዋለች። ባንዱ ዎልትሲንግ ማቲልዳን እየተጫወተ፣ ሕዝቡ እያለቀሰና እያጨበጨበ መርከብ ላይ ይሳፈራል። ቱርኮቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ጓደኞቹ ያልቃሉ። እሱ ለሳምንታት በሬሳ መሀል ይቆያል። ከዚያ መድፍ ይመታውና ሲነቃ ሆስፒታል ነው። ሁለት እግሩ የለም። ከሞት የባሰ ነገር እንዳለ ያወቀው ያኔ ነው።

እኔን የሚገድለኝ ክፍል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መርከቡ ቁስለኞቹን ይዞ ሲድኒ ይደርሳል። ባንዱ ያንኑ ዘፈን ይጫወታል። ልጁ እግሮቹ የነበሩበትን ቦታ ቁልቁል ያይና አንድ ነገር ብሎ ፈጣሪውን ያመሰግናል፦ የሚጠብቀኝ፣ የሚያዝንልኝ ሰው ስለሌለ። ሲያወርዷቸው ማንም እልል አላለም። ሰዉ ቆሞ አየና ፊቱን አዞረ።

መጨረሻው ላይ ልጁ ሽማግሌ ሆኗል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሰልፉን ያያል። ወጣቶቹ «እነዚህ ሽማግሌዎች የሚሰለፉት ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እሱም ያንኑ ጥያቄ ራሱን ይጠይቃል።

እኔ ይህን ዘፈን የሰማሁት ሜልበርን ውስጥ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። የአንዛክ ቀን እዚያ ከፋሲካ ያልተናነሰ ነገር ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ይውላል። የአጃ ብስኩት ይታደላል። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ደረታቸው ላይ በመርፌ የሚሰኩት ቅጠል ነው። የጥብስ ቅጠል! ጋሊፖሊ ላይ እንደ ዱር ቅጠል ይበቅላል፤ ለዚያ ነው ለመታሰቢያ የተመረጠው። ቁርሳቸውን ሳቀርብ ክፍሉ ሁሉ የጥብስ ቅጠል ይሸታል። እዚያ ሽታ ውስጥ ቆሞ ማዘን ለኛ ሰው ከባድ ነው፤ ሆዱ ሌላ ነገር ያስባል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ። ትንሽ የሲዲ ማጫወቻ አላቸው። «ተቀመጥ» አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ «ይሄን የጻፈው ወታደር አይደለም። አውስትራሊያዊም አልነበረም። እንዳንተው መጤ ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ሻይ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ።

«እንዳንተው መጤ» ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቤት ስገባ ስለ ሰውየው ማንበብ ጀመርኩ።

ቦግል የተወለደው መስከረም 23 ቀን 1944 ፔብልስ በምትባል የደቡብ ስኮትላንድ ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ እንጨት ቆራጭ ነበር፤ ባግፓይፕም ይነፋ ነበር። ልጁ በስምንት ዓመቱ ግጥም መጻፍ ጀመረ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ትምህርት አቆመ። የቀን ሠራተኛ ሆነ፣ ጸሐፊ ሆነ፣ ቡና ቤት መጠጥ ቀዳ። ጊታር ራሱን በራሱ አስተማረ። መጀመሪያ ልቡን የወሰዱት እነ ኤልቪስ ነበሩ፤ በኋላ ብሪታንያዊውን የፎክ ዘፋኝ ኤዋን ማኮልን ሲሰማ ወደ ፎክና ወደ ፖለቲካ ዘፈን ዞረ። በ1969፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ፣ አውስትራሊያ ገባ። ያኔ አውስትራሊያ ሰው ፈልጋ ከብሪታንያ የሚመጣውን በአሥር ፓውንድ ታጓጉዝ ነበር። ዛሬ ለቪዛ የምንከፍለውን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ተረት ነው የሚመስለው።

የወጣበትን ቀን ዘፈን አድርጎታል። «ናንሲን መለየት» ይለዋል። ብዙ ሰው ናንሲ ፍቅረኛው ትመስለዋለች። እናቱ ናት። ባቡር ጣቢያ ነው የሚለያዩት። ባቡሩ ሲገባ መድረኩ ይንቀጠቀጣል። ሻንጣው ተነስቶ ይጫናል። እሷ እንዳታለቅስ ራሷን ይዛለች፤ እሱም እንዲሁ። ሁለቱም የሚሉትን አጥተው የማይረባ ነገር ያወራሉ።

ይሄን ክፍል ማንም ስደተኛ አስተርጓሚ አይፈልግበትም። ቦሌ ላይ ሸኚ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባም፤ መለያየቱ ውጭ ነው፣ መኪና ማቆሚያው አካባቢ፣ ጥሩምባ እየተነፋ፣ ሻንጣ ተሸካሚው እያጣደፈ። እናቴ እዚያ ቆማ ደጋግማ የምትለኝ «ፓስፖርትህን ይዘሃል?» ነበር። በእጄ ይዤው እያየችው ነው የምትጠይቀኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም። ቦግል ያንን «ፓስፖርትህን ይዘሃል?» የሚለውን ነገር ነው ወደ ዜማ የቀየረው። ለኔ ከጦርነት ዘፈኖቹ እኩል የሚቆም ሥራ ነው። እንዲያውም የጦርነት ዘፈኖቹን የሚያስጽፈው ይሄው ዓይን ይመስለኛል። ጣቢያ ላይ እናቱን ጥሎ የሄደ ልጅ መርከብ ላይ የተሳፈሩትን ልጆች ቢያይ ቶሎ ይገባዋል። በዚያ ላይ ለአገሩ አዲስ ነው። የአንዛክ ሰልፍ እዚያው ላደገ ሰው በየዓመቱ የሚያየው ነገር ነው፤ ለእሱ ግን እንግዳ ነበር። ቆሞ አየው። የአገሩ ሰው መጠየቅ የሚያፍረውን ጥያቄም ጠየቀ።

ሁለተኛው ትልቅ ዘፈኑ የመጣው ከፈረንሳይና ከቤልጅየም ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መቃብሮችን ዞሮ አየ። አይቶ የማያውቅ ሰው ሊገምተው ይከብደዋል። ነጭ የድንጋይ ሐውልት፣ አንድ ዓይነት ቁመት፣ አንድ ዓይነት ርቀት፣ ረድፍ በረድፍ፣ ሣሩ የተከረከመ። ብዙዎቹ ላይ ስም የለም፤ ማንነቱን የሚያውቀው አምላክ ብቻ እንደሆነ ነው የተጻፈው። ቦግል ከዚህ ጉብኝት «የማንም ያልሆነ መሬት» የሚለውን ዘፈን ይዞ ወጣ። አየርላንዶች «የፈረንሳይ አረንጓዴ መስኮች» ይሉታል፤ ዘ ፊዩሪስ የሚባሉት ወንድማማቾች ተጫውተውት አገሩን ሁሉ ያዳረሰው በዚህ ስም ነው።

በዚህ ዘፈን ውስጥ አንድ መንገደኛ ደክሞት መቃብር አጠገብ ቁጭ ይላል። ሐውልቱን ያነባል። ዊሊ ማክብራይድ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ 1916። ከዚያ ከሟቹ ጋር ወሬ ይጀምራል። እንዴት ሞትክ? ቶሎ ነው ወይስ እየተሠቃየህ? ሚስት ነበረችህ? እጮኛ? ወይስ አሁን ስምህ የጠፋ፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ ያለህ የደበዘዘ ፎቶ ብቻ ነህ? ስትቀበር ከበሮ ተመታልህ?

እስቲ ልብ በሉት፤ ሰውየው ሟቹን አያወድሰውም። ጀግና አይለውም። ይጠይቀዋል ብቻ።

እኛ ጋ ለጦርነት ዘፈን አናጣም። ወደ ጦርነት ሲኬድ ቀረርቶና ፉከራ አለ። ለቀረው ሙሾ አለ፤ ሙሾ አውራጇ የሟቹን ስም፣ ዘር፣ ፈረስና ጠመንጃ እየጠራች ታስለቅሳለች። ሁለቱም ትልቅ ጥበብ ናቸው። ግን አንድ ሰው በሁለቱ መሀል ይወድቃል። የተመለሰው፣ ግን ሙሉ ሆኖ ያልተመለሰው። ለእሱ አይፎከርለትም፣ ሙሾም አይወረድለትም፤ አልሞተማ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ያደገ ሰው እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል። የወታደር ካፖርት ለብሰው፣ ክራንች ይዘው፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሳንቲም ሰጥተን ፊታችንን አዙረን እናልፋለን። የቦግል ሲድኒ ወደብ ላይ የቆመው ሕዝብ ያደረገውን ነው ያደረግነው። ከዚያ ወዲህም ጦርነት አላጣንም፤ ካፖርቱ ብቻ ነው የተቀየረው።

ለዚህ ነው «ባንዱም» የሚለው ዘፈን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ። ሙሾ የማይወረድለትን ሰው ይዞ የመጣ ሙሾ ነው።

ወደ ማክብራይድ ልመለስ። ብዙ ሰው ይሄ ልጅ ማን ነው ብሎ ፈልጎታል። በብሪታንያ የጦር መቃብር መዝገብ ላይ በዚህ ስም የሚጠሩ በርካታ ወታደሮች አሉ። አንዳንዱ «ይሄ ነው» ብሎ መቃብር ድረስ ይሄዳል፣ አበባ ያስቀምጣል። ሟቹን ወክሎ መልስ የሚሰጥ ዘፈን የጻፈም አለ። ቦግል ግን ስሙን የመረጠበት ምክንያት ነበረው። በ1970ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ አየርላንዳዊ መሆን በጥርጣሬ ዓይን ያስታይ ነበር፤ ቦምብ የሚፈነዳበት ዘመን ነው። ስለዚህ አየርላንዳዊ የሚመስል ስም ሰጠው። ለዚያው ንጉሥ የሞቱ ሺዎች አየርላንዶች እንደነበሩ ለማስታወስ። አንድ ስም በመምረጥ ብቻ ይሄን ሁሉ መናገር ትልቅ ችሎታ ነው።

ስህተት አያጣውም ታዲያ። የወታደራዊ ታሪክ አዋቂዎች ቁጭ ብለው ለቅመውለታል። በ1915 ጋሊፖሊ ላይ ብረት ቆብ አልነበረም፤ ለብሪታንያና ለአጋሮቿ ጦር በብዛት የታደለው ከዚያ በኋላ ነው። ዘፈኑ ልጁን ሱቭላ የተባለ የባሕር ዳርቻ ላይ ያወርደዋል፤ አውስትራሊያውያኑ ግን የወረዱት ዛሬ አንዛክ ኮቭ በሚባለው ቦታ ነው፤ ሱቭላ በአብዛኛው የእንግሊዞች ነበር። ቦግል አልተከራከረም። ሱቭላ ለግጥሙ ስለተመቸኝ ነው አለ። እኔ ይሄን መልስ ወድጄዋለሁ። ግጥም የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቤት ካልመታ አልመታም።

ይልቅ የሚያናድደው ሌሎች ያደረሱበት ነው። በ2014 የአንደኛው የዓለም ጦርነት መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ ብሪታንያ ውስጥ በየዓመቱ ቀይ አበባ እየተሸጠ ለጦር ጉዳተኞች ገንዘብ ለሚሰበሰብበት ዘመቻ ይሄው «የማንም ያልሆነ መሬት» ተመረጠ። ጆስ ስቶን ዘፈነችው፣ ጄፍ ቤክ ጊታር ተጫወተ። ድምፅዋ ምንም አይወጣለትም። ግን የመጨረሻዎቹ አንጓዎች የሉም። እነዚያ አንጓዎች ማክብራይድን «ይህ ጦርነት ጦርነትን ሁሉ ያስቀራል ሲሉህ ከልብህ አምነህ ነበር?» ብለው የሚጠይቁት ናቸው፤ ቀጥሎም ያው ነገር እንደገና፣ እንደገና፣ እንደገና ሆነ ይላሉ። ልቅሶውን ተዉለትና ጥያቄውን ቆረጡት። ብዙ ሰው ተቆጣ፣ ፊርማ ተሰበሰበ። ልክ ነበሩ። ያለ ጥያቄው ዘፈኑ ለሚቀጥለው ጦርነት መሸኛ ሊሆን ይችላል።

ሌሎች ሥራዎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። አፓርታይድን ያወገዘበት፣ ሞት የተፈረደበትን ደቡብ አፍሪካዊ እስረኛ ጓደኞቹ እየዘፈኑ የሚሸኙበት «መንፈሱን በዘፈን መሸኘት» የሚባል አለው፤ በ1986 ለወጣ አልበሙ ስም የሆነው እሱ ነው። በ1987 የአውስትራሊያ ኦርደር ሜዳልያ ተሸለመ። ኑሮውን ወደ አደሌይድ አዛወረ። ለረጅም ዘመን አብሮት የዞረው ጆን ማንሮ ነበር፤ እሱም ስኮትላንዳዊ፣ እሱም መጤ። ማንሮ በ2018 አረፈ።

አንድ ነገር ግን ሰዎች ይረሱበታል። ቦግል ቀልደኛ ነው። መድረክ ላይ በሁለት የለቅሶ ዘፈን መሀል አንድ የሚያስቅ ካልጨመረ አይሆንለትም። በጣም የታወቀው መኪና ስለዳጣት ድመት የዘፈነው ነው። አስፋልት ላይ ተለጥፋ የቀረችን ድመት በሐዘን ዜማ፣ ቃል በቃል እየዘረዘረ ያለቅስላታል፤ ሕዝቡ በሳቅ ይሞታል። መጀመሪያ ስሰማው ማክብራይድን የጻፈው ሰው ነው ብዬ ማመን አቃተኝ። ሁለተኛ ስሰማው ያው እሱ ነው አልኩ። ሌላው ሰው ዞር ብሎ የማያየውን ሟች እሱ ቆም ብሎ ያያል። ልዩነቱ የድመቷ ጊዜ መሳቅ መፈቀዱ ነው።

መስማት ለምትፈልጉ፣ እንዲህ ብትጀምሩ ይሻላል። «ባንዱም» የሚለውን መጀመሪያ በጁን ታቦር ስሙት። ቀጥላችሁ ዘ ፖግስ በሚባለው ባንድ፤ በ1985 አልበማቸው መጨረሻ ላይ ዘፋኛቸው ሼን ማክጋዋን እንደ ሰከረ ወታደር እየጎተተ ነው የሚዘፍነው። ከዚያ ወደ ቦግል ተመለሱ። ድምፁ ከሁለቱም ቀጭን ነው፣ ስኮትላንዳዊ ቅላፄው አልለቀቀውም። «የማንም ያልሆነ መሬት»ን እስከ መጨረሻው አንጓ የሚሄድ ቅጂ ፈልጋችሁ ስሙ። «ናንሲን መለየት»ን እናታችሁ ጋ ከመደወላችሁ በፊት አትክፈቱት፤ ስልኩ ላይ ምንም መናገር አትችሉም። የድመቷን ለመጨረሻ አቆዩት። ድመት ያላችሁ ሰዎች፣ እናንተን አስቀድሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።